የጎጆዋ ድንጋይና የእሁዱ ሽማግሌዎች

ባለፈው ሰሞን የጎረቤታችን ልጅ ተመርቃ ድግስ ተጠርተን ሄድን። ሰላጣው ላይ አቼቶ አብዝተውበት ኖሮ ሽታው ከሳህኑ ቀድሞ ደረሰን። ባለቤቴ ኦቦ ተሾመ ሳህኑን በጣቱ ጫፍ ገፋ አድርጎ ወደ እኔ አሻገረው። አስተናጋጇ ልጅ «ምነው አባባ፣ ሰላጣ አይስማማዎትም?» ስትለው፣ «ሰላጣውስ ይስማማኛል፤ ከአቼቶው ጋር ነው የተጣላነው» አላት። ልጅቷ ቀልድ መስሏት ሳቀች። እኔ ግን ከዚያ ድንኳን ወጥቼ ዓመታት ወደ ኋላ ሄድኩ፤ ባጃጅ ከድልድዩ እስከ ገበያ በሦስት ብር ወደሚያደርስበት፣ ልጄ ሌንሳ ጉልበቱ የተቀደደ ጂንስ ለብሳ «እማ፣ ሲገዛም ተቀዶ ነው» እያለች ወደምታስረዳኝ፣ ስልኩም ኔትወርኩም ሲፈልግ መጥቶ ሲፈልግ ወደሚጠፋበት ዘመን።

ያኔ እኔ ከጤና ጣቢያ ጡረታ ልወጣ ተቃርቤ ነበር። ስሜ አልማዝ ነው፤ አምቦ ግን ሲስተር ብሎ ነው የሚያውቀኝ፤ ገበያ ሽንኩርት የምትሸጥልኝ እንኳ ስሜ ሌላ መሆኑን አታውቅም። ባለቤቴን ደግሞ በልጃችን ስም አባ ሌንሳ እለዋለሁ። ዕድሜ ልኩን ጂኦግራፊ አስተምሮ ጡረታ ወጣና ቤት ዋለ። ጡረታ የወጣ ወንድ ቤት ሲውል ያየች ሴት ታውቀዋለች። አንዱ የዕድር ሊቀመንበር ይሆናል፤ አንዱ በዚያ ዕድሜው ቢራ ይጀምራል። የኔው ድንጋይ ጀመረ። አንዲት ግራጫ ካፖርት ነበረችው፤ ኪሶቿ በድንጋይ ክብደት ወደ ጉልበቱ ወርደው ከኋላ ሲያዩት ጭነት የያዘ አህያ ይመስል ነበር። ከአልጋው ሥር ድንጋይ፣ በጫማ ካርቶን ውስጥ ድንጋይ፣ ሽሮ በማስቀምጥበት ዕቃ ውስጥ ሳይቀር ድንጋይ። አንድ ቀን ከሥራ ስመለስ የቁም ሳጥኔ መስታወት ከዳር እስከ ዳር ተሰምሮበታል። ጮኼ ሳልጨርስ፣ «ተመልከች፣ መስታወት ቧጨረች! ጠንካራ ናት ማለት ነው!» አለኝ፤ ፊቱ ላይ የነበረውን ደስታ ስታዩት መቆጣት ያሳፍራል። እኔ ግን ተቆጣሁ።

ፋሲካ ሲቃረብ በግ እንዲገዛ ጎጆ ከተማ ላክሁት። ጎጆ ከኛ በስተሰሜን ነው፤ ደጋ ነው፤ ብርዱ ጥርስ ያንቀጫቅጫል፤ ግን በጉም ድንቹም ከአምቦ ይረክሳል። የዚያን ጊዜ ደህና በግ በሺህ ምናምን ብር ይገኝ ነበር፤ ዛሬ በዚያ ገንዘብ ምን እንደሚገዛ ባልናገር ይሻላል። ማታ ማታ ሲል ባጃጅ በሩ ላይ ቆመና ተሾመ ጆንያ እንደ ሕፃን ታቅፎ ወረደ። ወደ ባጃጁ ውስጥ አየሁ። ምንም የለም።

«በጉስ?»

«ይኸው» አለኝ ጆንያውን እያሳየ።

የመንገድ ሠራተኞች ያንን ክፉ የጎጆ መንገድ ሊያሰፉ ጥቁሩን አለት በድማሚት ሲያፈርሱ፣ በአለቱ ሆድ ውስጥ ባዶ ጎድጓዳ ተገኝቶ ነበር። ከዚያ የወጣች ድንጋይ ናት። አንዱ ገበሬ ለልጆቹ መጫወቻ ወስዷት፣ ተሾመ ከደጁ ላይ አያት፤ በቃ፤ የበጉ ገንዘብ እዚያው ቀረ። እውነቱን ልናገርና፣ ታምር ነበረች። ጥቁር ድንጋይ ላይ የውሻ ክራንቻ የመሰሉ ሹል ሹል ነገሮች በቅለውባታል፤ መልካቸው እንደ ብርዝ ነው፤ ብርሃን ሲገባባቸው ውስጣቸው መብራት የበራ ይመስላል። ፋሲካን በድንች ወጥ ፈሰክን።

በማግስቱ ጎረቤቱ ሁሉ ሊያይ መጣ። «አልማዝ ነው! አባ ሌንሳ አልማዝ አገኘ!» ተባለ። ተሾመ ግን መምህር ነውና አስተማራቸው። ከሥሯ የወደቀች ስባሪ አንስቶ በጥፍሩ ፋቀ፤ አልተጫረችም። በአሥር ሳንቲም ፋቀ፤ ተጫረች። በቢላ ሲነካትማ እንደ ቅቤ ነው። «አልማዝ ብትሆን ቢላው ነበር የሚሸነፈው። ይቺ ካልሳይት ናት፤ ለስላሳ ናት፤ ኖራ የሚቃጠለው ከዚሁ ዘር ነው» አለ። ሰው «ኖራ ነው እንዴ?» እያለ ተበተነ። «ደግሞም በዚህ ቤት አንድ አልማዝ ይበቃኛል» ብሎ ወደ እኔ ሲያይ፣ ስለ በጉ መታረቂያ መሆኑ ገባኝ። ሌላ ስባሪዋ ጥርት ያለች ነበረች፤ የመብራት ክፍያ ወረቀት ላይ ሲያስቀምጣት ቁጥሩን ሁሉ ሁለት ሁለት አድርጋ ታሳያለች። «ምነው፣ አንዱስ መቼ አነሰን?» አልኩት።

ከሁሉ የወደደው ግን የአቼቶውን ነገር ነው። አቼቶ ጠብ ሲደረግባት ፉርር ብላ አረፋ ትደፍቃለች፤ ልክ እንደ አምቦ ውሃ። «ይህ ነው ማረጋገጫው» ይላል። እንግዳ በመጣ ቁጥር ያረጋግጣል። እንግዳ ካልመጣ ደግሞ ቅዳሜ ቅዳሜ አቧራዋን ላጥባት ብሎ ጨርቅ በአቼቶ ነክሮ ይወለውላታል። ቤታችን ዓመቱን ሙሉ ሰላጣ ሰላጣ ይሸት ነበር። ሌንሳ ቢሮ ልትሄድ ስትል ሹራቧን አሽትታ «እማ፣ እኔም ሰላጣ ሆንኩ» ትለኛለች።

ይህ ሁሉ ሲሆን ሌንሳ በልቧ ሌላ ነገር ይዛለች። ጉደር የሚሠራ ገመቹ የሚባል የከብት ሐኪም ትወዳለች፤ እሱም ይወዳታል። ለእኔ ነግራኛለች። አባቷን ግን ፈርታለች፤ ምክንያቱም የልጁ ቤተሰብ ፕሮቴስታንት ነው፤ እኛ ኦርቶዶክስ ነን፤ ተሾመ ደግሞ በዚህ ነገር ቀልድ አያውቅም። የገዛ የአክስቱ ልጅ ጴንጤ ስታገባ ሰርጓን አልሄደም፤ ካርዱን እንኳ ሳይከፍት ነው የመለሰው። ሌንሳ ይህን ታውቃለች። በመጨረሻ ገመቹ መጠበቁ ሰልችቶት ሽማግሌ ሊልክ ቆረጠ። እሁድ ከሰዓት በኋላ ተባለ።

ሐሙስ ዕለት ለተሾመ ነገርኩት። ማጉያ መስታወቱን ዓይኑ ላይ ተክሎ ድንጋዩ ላይ ተደፍቷል። «አባ ሌንሳ፣ እሁድ ከሰዓት ሰዎች ይመጣሉ። ትልቅ ቁም ነገር ነው፤ ልብስህን ቀይር» አልኩት። ቀና ሳይል «አውቃለሁ፤ እየጠበቅኋቸው ነው» አለኝ። ሌንሳ ነግራዋለች ማለት ነው ብዬ ደስ አለኝ። ሌንሳ ደግሞ እኔ የነገርኩት መስሏታል። እሱ የሚጠብቀው ግን ሌላ ነበር። አንድ የድሮ ተማሪው አዲስ አበባ ካለ ድንጋይ ለሰብሳቢዎች የሚሸጥ ሰው ጋር አገናኝቶት፣ ሰውዬው «አንዱን እሁድ ከሰዎቼ ጋር እመጣለሁ» ብሎት ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ስልክ አልሠራም።

እሁድ ሽማግሌዎቹ በሰዓታቸው ደረሱ። ሁለት ናቸው። ኦቦ ቶለራ የጉደር የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ነው፤ ረጅም፣ ጥቁር ሱፍ የለበሰ፣ ቃሉን መዝኖ የሚያወጣ። ኦቦ በዳዳ የገመቹ አጎት ነው፤ ጌዶ ውስጥ የከብት ነጋዴ፤ ድምፁ ወንዝ ያሻግራል፤ ዱላውን ውጭ ተወው ቢባል እንኳ የማይተው። እኔና ሌንሳ ጓዳ ነን። ሳንጠራ መግባት ነውር ስለሆነ በመጋረጃው ሥር ጆሯችንን ጥለን ቆመናል።

«አካም ጅርቱ!» አለ ተሾመ። በደስታ ተቀበላቸው። «ቁጭ በሉ እንጂ፣ ምነው ቆማችሁ?»

«ጉዳያችንን ሳንናገር አንቀመጥም» አለ ኦቦ ቶለራ። ከዚያም ሽማግሌ እንደሚያደርገው ዙሪያውን ሄዶ፣ «ኦቦ ተሾመ፣ እዚህ ቤት ውስጥ አንዲት ውድ ነገር እንዳለች ሰምተን ነው የመጣነው» አለ።

«አለች» አለ ተሾመ። «ወሬዋ እናንተ ዘንድ መድረሱ ደስ ይለኛል። ብዙ ሰው ጠይቆኛል፤ ግን እጁ ሻካራ ለሆነ ሰው አልሰጣትም ብዬ ነው ያቆየኋት።»

ኦቦ በዳዳ ዱላውን ብብቱ ውስጥ ሸጉጦ እጆቹን ወደ ኮቱ ኪስ ሲከት በመጋረጃው ቀዳዳ አየሁ።

«ለስላሳ ናት» አለ ተሾመ፤ ድምፁ ራሱ ለሰለሰ። «እንደሌሎቹ አይደለችም። ትንሹ ነገር ይጭራታል። ከወደቀች ደግሞ ትሰነጠቃለች፤ አንዴ ከተሰነጠቀች የሚጠግናት የለም። ስለዚህ የሚወስዳት ሰው ማስቀመጫ ቦታዋን አስቀድሞ ያሰበ መሆን አለበት።»

«ዋቃዮ ይጠብቃት» አለ ኦቦ ቶለራ ከልቡ። «በኛ ቤት ክፉ አይነካትም።»

ጓዳ ውስጥ ዓይኔ እንባ ሞላ። ዕድሜ ልኬን አብሬው የኖርኩት ሰው ስለ ልጁ እንዲህ ያለ ቃል ሲናገር ሰምቼ አላውቅም። ሌንሳ ክንዴን ጨብጣለች። እሱ ቀጠለ።

«ሰው ሁሉ አልማዝ ናት ይላል። አልማዝ አይደለችም። አልማዝማ ጠንካራ ናት፤ የነካችውን ሁሉ ትቧጭራለች።»

እንባዬ እዚያው ደረቀ። ሽማግሌዎቹ ስሜን ከገመቹ ሰምተዋል። ኦቦ በዳዳ ሊያጽናናው ፈልጎ፣ «ይሁን ግድ የለም፤ እናትና ልጅ አንድ አይሆኑም» አለው። ሌንሳ የሻሿን ጫፍ አፏ ውስጥ ከተተች።

«ንጹሕ መሆኗንም በራሴ እጅ ፈትኛለሁ» አለ ተሾመ። «በአቼቶ።»



«በአቼቶ?» አለ ኦቦ ቶለራ።

«ጠብ ሲልባት ፉርር ትላለች! እንዲያውም ቅዳሜ ቅዳሜ በሱ ነው የማጥባት። እንግዲህ ዋጋውን እናንተ ጀምሩት።»

ኦቦ ቶለራ መጽሐፍ ቅዱሱን ደረቱ ላይ አጥብቆ ያዘ። «ኦቦ ተሾመ፣ በኛ እምነት እንዲህ ያለ ነገር…» ብሎ ሲጀምር ኦቦ በዳዳ ክርኑን ጎነተለው። ዋጋ የሚባል ቃል ከሰማ ወዲያ አያስችለውም። «ሜ ሃ ዱበቱ! እስቲ ይናገር ተወው» አለና፣ «ዕድሜዋስ ስንት ነው?» ብሎ ጠየቀ።

«እሱን በትክክል የሚያውቅ የለም። ሚሊዮን ዓመት ሳያልፋት አይቀርም።»

ኦቦ ቶለራ ነገሩ ከመስመር እንደወጣ ገብቶት ወደ ዋናው ሊመልሰው ሞከረ። «እኛ እንኳ የመጣነው» አለ ቃሉን አንድ በአንድ እያወጣ፣ «ጎጆ እንድትወጣ ብለን ነው።»

«ከጎጆማ ወጥታለች እኮ!» አለ ተሾመ። «ዓመት አልፏታል። እኔው ራሴ ነኝ ሄጄ ያመጣኋት።»

«ወጥታ ነበር?» አለ ኦቦ በዳዳ። «ትዳር ፈታ ነው?»

«ፈንድታ ነው እንጂ! በድማሚት ነው የወጣችው። ቆዩ፣ ከምነግራችሁ ራሷን ላምጣላችሁ» ብሎ ወደ መኝታ ቤት ገባ። ሽማግሌዎቹ ልጅቱ ልትመጣ ነው ብለው ልብሳቸውን አስተካክለው ተጠባበቁ። ተሾመ በእኔ የዓመት በዓል ነጠላ የተጠቀለለች ነገር ታቅፎ ወጣ፤ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ ቀስ ብሎ ገለጣት።

ኦቦ በዳዳ ጎንበስ ብሎ አያት። «ይቺ ደግሞ ማናት?» አለ።

«ማል ጄቹዳ?» አለ ኦቦ ቶለራ፤ በመጨረሻ መዝኖ መናገሩን ትቶ። «ምን ማለት ነው? ኢንተላ ኬ ነው የጠየቅንህ! ልጅህን! ሌንሳን ለገመቹ!»

ከጓዳ የወጣሁት ያኔ ነው። ነውሩ ከዚህ በላይ አይከፋም ብዬ ገባሁ። ተሾመ የነጠላውን ጫፍ እንደያዘ ቆሟል፤ ፊቱ አመድ መስሏል። ኦቦ በዳዳ መጀመሪያ ትከሻው ተንቀጠቀጠ፤ ቀጥሎ ሆዱ፤ ከዚያ ሳቁ ፈንድቶ ዱላው ከእጁ ወደቀ። ኦቦ ቶለራ እንኳ መጽሐፉን አፉ ላይ አድርጎ ዞር አለ። የሳቀው ሁሉ ሲረጋ ግን ተሾመ አልሳቀም ነበር። ዓይኑ የኦቦ ቶለራ መጽሐፍ ላይ ነው።

«ጴንጤ ናችሁ?» አለ።

«ነን» አለ ኦቦ ቶለራ።

ተሾመ ሌንሳን ጠራት። ገብታ አንገቷን ደፍታ ቆመች። «ይህን ያህል ጊዜ ለምን አልነገርሽኝም?» አላት። ፈርታ ትክዳለች ብዬ ሰጋሁ። እሷ ግን ቀና ብላ፣ «አባዬ፣ ልነግርህ በጀመርኩ ቁጥር ‹እስቲ ይቺን ያዢልኝ› ትለኛለህ። እጄ ላይ ድንጋይ ታስቀምጥብኛለህ። ድንጋይ ይዤ እንዴት ስለ ሰው ልናገር?» አለችው። ተሾመ ለሽማግሌዎቹ የሁለት ሳምንት ቀጠሮ ሰጣቸው። እሺ ሳይባሉ አይበሉምና እህል ሳይቀምሱ ሄዱ። ያን ሁሉ ምግብ ሳምንቱን ሙሉ ሦስታችን ብቻ በላነው።

በዚያ ሳምንት ተሾመ ግቢ ውስጥ ይንጎራደድ ጀመር፤ ብቻውን ይናገራል። ለገመቹ የሚያቀርባቸውን ጥያቄዎች እየተለማመደ ነው። «ሃይማኖትህን ትለውጣለህ? አትለውጥም? ልጆቹስ?» ይላል፤ ራሱ ይመልሳል፤ በመልሱ ራሱ ይናደዳል። ሌንሳ በመስኮት ታየዋለች፤ ፊቷ በየቀኑ ይገረጣል። ቁርጥ እምቢ ለማለት ሰበብ እየፈለገ እንደሆነ ለሁለታችንም ግልጽ ነበር።

የሚቀጥለው እሁድ እውነተኛው ሰውዬ ከአዲስ አበባ መጣ። ሰዎቼ ያለው ሹፌሩን ነው። ቀጭን፣ ዝምተኛ ሰው፤ አንገቱ ላይ በክር የታሰረች ትንሽ ማጉያ አለችው። ድንጋዩን ወደ መስኮት ይዞ ሄደና ሹሎቹን አንድ በአንድ ተመለከተ። ተሾመ የአሥር ሳንቲሙን፣ የቢላውን፣ የመብራት ወረቀቱን ታሪክ ይተርክለታል። ሰውዬው ሰምቶ ሲጨርስ፣ «ካልሳይት መሆኗንማ በሩ ላይ ሆኜ አይቻለሁ» አለ። «ካልሳይት የሌለበት አገር የለም። ሰብሳቢ ዘሯን አይገዛም፤ መልኳን ነው የሚገዛው። ሹሎቿ አልተሰበሩም፤ ይህ ብርቅ ነው። ከየት እንደወጣችም ታውቃለህ፤ ይህም ዋጋ አለው።» ተሾመ ደረቱ ተነፋ። ሰውዬው ማጉያዋን አነሳና ጠየቀ። «በምንድን ነው ያጠብካት?»

«በአቼቶ።»

ሰውዬው ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰ። ገለበጣትና ከሥሯ፣ ጨርቁ የማይደርስበት ቦታ ላይ ያለች አንዲት ትንሽ ሹል አሳየን። እንደ መስታወት ታበራለች። ቀና አድርጎ ከላይ ያሉትን ሲያሳየን ደብዝዘዋል፤ ልጅ ልሶ የተዋቸው ከረሜላ ይመስላሉ። በየቀኑ ስናያት ልዩነቱ አልታየንም ነበር። «አረፋው እኮ እሷ ናት» አለ ሰውዬው። «ፉርር ባለች ቁጥር እየበላሃት ነበር። በንጹሕ ውሃ ብቻ አጥበህ ብትተዋት…» አልጨረሰውም። የሰጠው ዋጋ ሁለት ኪሎ ሥጋ የሚገዛ ነው፤ እሱም ስላዘነልን ይመስለኛል። ተሾመ አልሸጥም አለ። ሰውዬውም ሻይ ጠጥቶ ሄደ።

ማታ ራት ላይ ተሾመ እጁን ወደ ሳህኑ አልሰደደም። «ገና ከጆንያ ስትወጣ አውቄያት ነበር እኮ» አለኝ። «ካወቅሁ በኋላ ምን አድርጊ ብዬ ነው የፈተንኳት?» በማግስቱ ግቢው ውስጥ አልተንጎራደደም። ጠዋት ካፖርቱን ለብሶ «ጉደር ደርሼ እመጣለሁ» ብሎ ወጣ። ገመቹን ሊያዋርደው ነው ብላ ሌንሳ ስልክ ልትደውል ሞከረች፤ ኔትወርክ የለም።

ከሰዓት በኋላ ሲመለስ ሱሪው እስከ ጉልበቱ ጭቃ ነው፤ ካፖርቱ ላይ ደም አለ። ነርስ ነኝና መጀመሪያ የት ቆሰልክ ብዬ ጎኑን ደባበስኩ። «የኔ አይደለም» አለኝ። «የማን ነው?» ብለው ወደ ውሃው አለፈ። እጁን ታጥቦ ቁጭ አለና፣ «ሽማግሌዎቹ ሲመጡ ዶሮ ይሠራ» አለ። ሌንሳ ምድጃው አጠገብ ቆማ ነበር፤ እዚያው መሬት ላይ ተቀመጠች።

ሰርጉ በጥር ሆነ። ኦቦ በዳዳ ሰንጋውን ከጌዶ ራሱ ነድቶ አመጣው፤ ለዘመድ ነው ብሎ የቀነሰልንን ዋጋ ደግሞ ለተሰበሰበው ሕዝብ ሁሉ በዚያ ድምፁ ነገረ። ኦቦ ቶለራም መረቀ፤ የኛም ቄስ መረቁ፤ ማን ይቅደም በሚለው ትንሽ ተጓተቱና ምሳው ሲቀዘቅዝ ተስማሙ። ዛሬ ሌንሳና ገመቹ ጉደር ይኖራሉ፤ ሁለት ልጆች አሏቸው፤ እሁድ እሁድ ማን ወዴት እንደሚሄድ እኔ አልጠይቅም፤ ተሾመም መጠየቁን ትቷል።

ያን ቀን ጉደር ምን እንደሆነ ግን ለረጅም ጊዜ አልነገረኝም። የነገረኝ የመጀመሪያዋ የልጅ ልጃችን ከተወለደች በኋላ ነው፤ ጠይቄው አይደለም፤ ከመሬት ተነስቶ። ገመቹን ሲፈልግ አንድ ገበሬ ግቢ ውስጥ አሉት። ሲገባ ልጁ ክንዱን እስከ ትከሻው ላም ውስጥ አስገብቶ ላቡ ይንጠባጠባል፤ ጥጃው ተጣሞ አልወጣ ብሏል። ቀና ብሎ ካፖርት የለበሰ ሽማግሌ ሲያይ፣ «አባቴ፣ ቆመው አይዩኝ፤ ያንን ገመድ ይያዙልኝ! አጥብቀው!» ብሎ ጮኸበት። ተሾመ ያዘ። ተንሸራተተ፣ ወደቀ፣ ተነሳ፣ ሳበ። ጥጃው ወጣ፤ ቆመም። ከዚያ ሁለቱ በአንድ ባልዲ ሊታጠቡ ጎንበስ ሲሉ፣ ልጁ እጁን ሳሙና እየቀባ «ለመሆኑ ማን ልበል?» አለው። «የሌንሳ አባት ነኝ» ሲለው ሳሙናው ከእጁ አምልጦ ባልዲው ውስጥ ገባ።

«እና ምን አለህ?» አልኩት።

«ውሃው ደፍርሶ ስለነበር ሳሙናው አልታይ አለ፤ አንገቱን ደፍቶ በእጁ ይፈልግ ጀመር።»

«አንተስ ምን አልከው?»

«ምን እለዋለሁ? እኔም እጄን ከትቼ አብሬው ፈለግሁ።»